ታች ወዴት ነበር

ተኝቼ መሆን ነበረብኝ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የእኔ እንቅልፍ ነው፣ አሠሪዬ ዶኛ ማሪየሎስ ራሷ ናት የመደበችልኝ፣ እናቷ ዶኛ ኦዲሊ ሌሊቱን አምስቴም ስድስቴም ስለሚጠሩኝ ቀን ቀን ሁለት ሰዓት ጋደም በይ ተብያለሁ፣ ሰው ተኛ ስላሉት የሚተኛ ይመስል። ማሪየሎስን በአፌ እርስዎ እላታለሁ፣ በልቤ አንቺ ነው የምላት፣ ይህችን ነፃነት እስካሁን የወሰደብኝ የለም። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጀርባ ናት፣ መስኮቷ መንገድ አያይም፣ የሚያየው የልብስ ማስጫውን ገመድ ነው፣ እኔም አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የሰው አንሶላ ሲንጠባጠብ አያለሁ። ዓይኔን ስጨፍን አገሬ ቺናንዴጋ ነኝ፣ ስገልጥ የሰው አገር ሳን ሆሴ፣ በመካከሉ ድንበር አለ፣ የአንድ ቀን አውቶቡስ አለ፣ አሥራ አንድ ዓመት አለ፣ ግን እንቅልፍ እንቢ ያለው ሰው ይህን ሁሉ በአንድ መገላበጥ ያቋርጠዋል። ዛሬ ነው ቀኑ። ልጄ ያኦስካ ዛሬ ከሰዓት ነርስነት ከምትማርበት ትምህርት ቤት ሄዳ የማቋረጫውን ወረቀት ትፈርማለች፣ ፈርማ ስትጨርስ ትደውልልኛለች፣ ለመመረቅ ስድስት ወር ነው የቀራት፣ ተዪው ብዬ የነገርኳት ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እኔ እናቷ ነኝ።

የነገርኳት እሑድ ዕለት ነው። በድምፅ መልእክት፣ ፊቷን ላለማየት። «ለዚህ ዓመት ብቻ ነው የኔ እናት፣ አያትሽን ብቻዋን ልንተዋት አንችልም፣ ትምህርቱ የትም አይሄድም» አልኳት፣ ትምህርት እንደሚሄድ እያወቅሁ፣ እኔም እኮ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ለዚያ ዓመት ብቻ ነበር። መልሷ ሁለት ቃል ነው፣ «እሺ እማ»። አልተቆጣችም። ምነው በተቆጣች፣ ምነው አንድ ክፉ ቃል በተናገረችኝና እኔም ተቆጥቼ በገላገልኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር ትቻት ስመጣ፣ ያለቀሰችው በሦስተኛው ቀን ነው አሉኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጠዋት ጠዋት በር ላይ ወንበር አውጥታ ቁጭ ትል ነበር፣ ገበያ የሄድኩ መስሏት። አሁን ሃያ ዓመቷ ነው፣ ነጭ የነርስ ልብሷን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ከትራሴ አጠገብ ተለጥፏል፣ ኮሌታውን ራሷ ተኩሳው ነው፣ እኔ አይደለሁም የተኮስኩላት፣ እኔ የምተኩሰው የማሪየሎስን ባል ሸሚዝ ነው። ዛሬ ማታ ያን ልብስ አጥባ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ታስገባዋለች።

እናቴ ካንዲዳ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ደህና ነው፣ እግሯ ከእኔ እግር ይሻላል፣ የጠፋባት ዘመኑ ነው። ገና ሳይነጋ ትነሳለች፣ ራሷን በሻሽ ታስራለች፣ ጆንያዋን ወገቧ ላይ ትቋጥርና ጥጥ ለቃሚዎችን የሚጭነውን መኪና ልትጠብቅ ወደ ጥጥ መዳመጫው ትወጣለች። መዳመጫው ከፈረሰ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ ቦታው ላይ አሁን ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ሱቅ አለ፣ ግን አድራሻችን ዛሬም ያው ነው፣ መዳመጫው ከነበረበት ሁለት ብሎክ ወደ ላይ፣ ቄሱም አምቡላንሱም በዚሁ ነው የሚያገኙን። ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ዶኛ ኦዲሊን በጎናቸው ካገላበጥኩ በኋላ ለእናቴ እደውላለሁ፣ ስልኩን ያኦስካ ከትራሷ ሥር ታስቀምጥላታለች፣ እኔ ድምፄን ወፈር አድርጌ ጥጡን የሚመዝነው ጸሐፊ እሆናለሁ። «ካንዲዳ፣ ዛሬ ጤዛው ከባድ ነው፣ እርጥብ ጥጥ አንመዝንም፣ ፀሐይ እስክትሞቅ ቤትሽ ጠብቂ» እላታለሁ። «እሺ ጌታዬ» ትለኛለች። እናቴ ጌታዬ ትለኛለች። ከዚያ ሻሿን ፈትታ ትተኛለች፣ ሲነጋ ደግሞ ረስታዋለች። አንዳንድ ቀን ልቤ አልችል ሲል በዚያው በጸሐፊው ድምፅ «ልጆችሽ እንዴት ናቸው?» እላታለሁ፣ «ትልቋ ጎበዝ ናት ጌታዬ፣ አስተማሪ ትሆናለች» ትላለች። ትልቋ እኔ ነኝ። ስልኩን ዘግቼ የዶኛ ኦዲሊን አጃ ለማፍላት ወደ ምድጃው እሄዳለሁ።

ያለፈው ሐሙስ ግን ዶኛ ኦዲሊ አተኩሷቸው ነበር፣ ጨርቅ እየነከርኩ ግንባራቸው ላይ ሳደርግ አርባ ደቂቃ አለፈኝ። ስደውል የሚያነሳው የለም። ወዲያው ስልኬ ይጮሃል፣ ትራንሲቶ ናት፣ ማዕዘኑ ላይ የበቆሎ ቂጣ እየጋገረች የምትሸጠው ጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው፣ ያኦስካ አሥር እርምጃ አጠገባቸው እያለች ድንበር ተሻግረው ለእኔ ነው የሚደውሉት። «ሚግዳ ልጄ፣ እናትሽን ከመዳመጫው አንድ ብሎክ ወደ ታች ስትሄድ አይቻታለሁ፣ እጄ ሊጥ ውስጥ ሆኖ አልተከተልኳትም» አለችኝ። እኔም ለያኦስካ ደወልኩ፣ «ወደ ወንዙ ሩጪ፣ ቁልቁል ወርዳለች» አልኳት። ቁልቁል። በእኛ ከተማ ታች ማለት ቁልቁል አይደለም። ላይ ፀሐይ የምትወጣበት ነው፣ ታች ፀሐይ የምትገባበት ነው፣ መሬቱ ቢወጣ ቢወርድ ግድ የለንም፣ አቀበት ወጥተህም ታች ትደርሳለህ፣ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከእናቴ ጡት የጠባሁት ነው፣ እና ጠፋኝ። እዚህ ሳን ሆሴ ኮረብታ ለኮረብታ ስመላለስ ላዬና ታቼ ተለወጠ፣ መቼ እንደተለወጠ እንኳ አላውቅም። ልጄ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ወንዝ ገባች፣ በሸምበቆው መካከል እማማ እያለች ተጣራች፣ እናቴ ግን ወደ ኮሪንቶ ወደብ በሚወስደው አስፋልት በባዶ እግሯ ፀሐይ መግቢያውን ተከትላ እየሄደች ነበር፣ ጥጡ ድሮ ወደ መርከብ ይሄድበት በነበረው መንገድ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ኦቾሎኒ የጫነ ሹፌር አገኛት፣ ውስጥ እግሯ ተላልጧል። ያኦስካ ሆስፒታል ውስጥ የነበራት የተግባር ፈተና አመለጣት። «እማ፣ ወንዝ ያለው ማን ነው?» አለችኝ ማታ። «ትራንሲቶ ናት» አልኳት። ይህን ውሸት እስከ ዛሬ አላነሳሁትም፣ እሷም አላነሳችውም።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከቆጠራ መሥሪያ ቤት ነኝ የምትል ልጅ መጣች፣ ግሬተል ትባላለች፣ ታብሌት ይዛ ማድ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች፣ በዚህ ቤት ማን በምን ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያጠፋ ትጠይቃለች። ማሪየሎስ ዛሬ ከጥርስ ክሊኒኩ ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ቤት ነበረች፣ ቡናዋን ይዛ ከጎኗ ቁጭ አለች። እኔ ጥቁር ቦሎቄ እያማሰልኩ ነው፣ ለራሴ ቢሆን አገሬ የሚበላውን ቀዩን ነበር የምሠራው።

«በሳምንት ከአራት ሌሊት በላይ እዚህ ቤት ታድሪያለሽ?» አለችኝ ግሬተል።

«ስድስት»።

«እንግዲያው የቤቱ አባል ነሽ ማለት ነው» ብላ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እኛማ ድሮም እንደ ቤተሰብ ነው የምናያት» አለች ማሪየሎስ።

«ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለሽ ዝምድና?»

«ሠራተኛ» አልኳት። ዝርዝሩን እያወረደች እያወረደች መጨረሻው ላይ አገኘችው። ስንት ሰዓት ትሠሪያለሽ ስትለኝ ማሪየሎስ ቀድማኝ ስምንት አለች፣ ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔ ድስቱን አየሁ። ሌሊትስ አለች፣ ማሪየሎስ አልፎ አልፎ አለች። ከዚያ ያችን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ከሥራሽ ውጭ በራስሽ ቤት የምትንከባከቢው ሰው አለ? አረጋዊ፣ ሕፃን፣ ሕመምተኛ?»

«አለ። እናቴ»።

«የት ናት?»

«ቺናንዴጋ»።

«ውይ፣ እዚህ ቤት ማለቴ ነው»።

«በራስሽ ቤት አላልሽም?»

«ራስሽ ቤት እኮ ይሄ ነው፣ አሁን አባል ነሽ ተባብለናል» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። በስልክ ነው የምይዛት ብዬ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፣ ጤዛውን፣ መዛኙን፣ ማሪየሎስ ቡናዋን አስቀምጣ አፏን ከፍታ ትሰማኛለች፣ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረን ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ግሬተል ታብሌቷን ላይ ታች አደረገች፣ አሰበች፣ «በስልክ መንከባከብ የሚል የለም። ከዘመድ ጋር መጫወት የሚል አለ፣ መዝናኛ ሥር» አለችኝ። በቀን አርባ ደቂቃ መዝናኛ ተብሎ ተጻፈልኝ። ቀጥላ የማሪየሎስን ባል የዶን አልቫሮን ክፍል ከፈተች፣ እሱ ሳሎን ጋዜጣ ያነባል፣ ምግብ ማብሰል አለች፣ ዜሮ፣ ልብስ ማጠብ፣ ዜሮ፣ አማቱን መንከባከብ፣ «ኧረ በጣም ነው የሚወዳቸው» አለች ማሪየሎስ፣ «ዜሮ ልበል?» አለች ልጅቱ፣ «በይ እንግዲህ» አለች። የዶን አልቫሮ ሕይወት አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሳቄ መጣብኝ፣ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞርኩና ውኃ ከፈትኩ።

አሁን ግን አልስቅም፣ አሁን አንሶላው ይንጠባጠባል፣ ማሪየሎስ ወጥታለች፣ ዶን አልቫሮም ወጥቷል፣ ዶኛ ኦዲሊ ተኝተዋል፣ ሰዓቱ ሰባት ተኩል አልፏል፣ እኔ ስለ እኛ ቤት ሴቶች አስባለሁ። እናቴን ጥጥ ወሰዳት፣ ለቀማ ወዳለበት ሁሉ ከእርሻ እርሻ እየዞረች እኔን ጥጥ ውስጥ ነው የወለደችኝ፣ ከዚያ ባለቤቶቹ አንድ ቀን ጥጡ አያዋጣም አሉና ሄዱ፣ መዳመጫውን እንኳ እየፈታቱ ለብረት ሸጡት። ቀጥሎ የስፌት ፋብሪካ መጣ፣ እህቴን ኒኖስካን ወሰዳት፣ ስድስት ዓመት የሱሪ የግራ ኋላ ኪስ ሰፋች፣ የግራውን ብቻ፣ ሱሪውን ሙሉውን ሆኖ አይታው አታውቅም፣ አንድ ዓርብ ፋብሪካው ማሽኖቹን ነቅሎ ሌላ አገር ሄደ፣ እሷም ሳራጎሳ ሄደች፣ ስፔን፣ አንድ ሽማግሌ ታጥባለች። እኔ እዚህ አጥባለሁ። ሥራው ሲነሳ አስቀድሞ የሚነግረን የለም፣ ሁልጊዜ ከኋላው ነን። ጥጥን በመርከብ መላክ ይቻላል፣ ሱሪንም ይቻላል፣ የታጠበ ገላን ግን ከሩቅ አጥቦ መላክ አይቻልም፣ ስለዚህ የምትላከው አጣቢዋ ናት። የእኔን እናት ለማጠብ ደግሞ ከእኛ በታች ያለ አገር የለም፣ ከዚያ የምትመጣ ሴት የለችም፣ ያለችው ያኦስካ ናት። ማሪየሎስንም ሙሉ በሙሉ ልጠላት አልችልም፣ እኔ ዛሬ ጥዬ ብሄድ ሥራዋን የምትተወው እሷ ናት፣ ዶን አልቫሮ ጋዜጣውን አጥፎ አማቱን ይይዛል ብላ አንድም ቀን አስባ አታውቅም፣ እኔም አስቤላት አላውቅም። ጎኔን አዞርኩ። ማን አለ፣ ማን አለ ብዬ አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ ኒኖስካ ሩቅ ናት፣ ትራንሲቶ ከምጣዷ ከተለየች ጦም ታድራለች፣ የአክስቴ ልጅ ሄይሴል ሌላ ፋብሪካ ገብታለች፣ እኔ እዚህ ነኝ፣ ያኦስካ፣ እንደገና ያኦስካ። ሁሉም ሴት ናቸው። ይህን ሳስተውል ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

ኤቬኖር አለ። ወንድሜ። ሩቅ አይደለም፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ከእናቴ ማድ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል፣ አርባ አራት ዓመቱ ነው፣ ሚስት የለው ልጅ የለው፣ እስከ ቀትር ባለ ሦስት እግር ሳይክሉ ላይ ሰው ያመላልሳል፣ ከዚያ በኋላ የተንጠለጠለው የመኝታ መረብ ላይ ተኝቶ ቤዝቦል በሬዲዮ ያዳምጣል። ሐሙስ ዕለት እናቴ ስትጠፋ ከበሩ ሃያ እርምጃ ላይ ተኝቶ ነበር። ትራንሲቶ አልቀሰቀሰችውም፣ ያኦስካ አልቀሰቀሰችውም፣ ከድንበር ማዶ ሆኜ ሰፈሩን ሁሉ በስልክ ሳተራምስ እኔም ቀስቅሱት አላልኩም። ከእናቴ መታመም ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ይያዛት ስንባባል ስሙ አልተነሳም፣ ማንም እንቢ ብሏል አላለም፣ ማንም አልጠየቀውማ። ግሬተል ለዶን አልቫሮ ዜሮ ስትጽፍ ስቄ ነበር፣ እኔ ግን ለኤቬኖር ዕድሜ ልኬን ማንም ሳይጠይቀኝ ዜሮ ስጽፍለት ኖሬያለሁ፣ ሕፃን ሆኖ ሰሃኑን የማነሳለት እኔ ነበርኩ። አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር በእሱ ሳይሆን በራሴ ነው ያፈርኩት። ደወልኩለት።

«ሃሎ ሚግዳ፣ ምነው በዚህ ሰዓት? ደህና?» ከኋላው ሬዲዮው ይጮሃል።

«ሬዲዮውን ቀንስ። ከነገ ጀምሮ እማማን የምትይዘው አንተ ነህ፣ ከንጋት ጀምሮ ያኦስካ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ»።

ሳቀ። «ያኦስካ ትታው የለ እንዴ? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል»።

«አልተወችም»።

«ሳይክሉስ?»

«ከሰዓት እሷ ስትመለስ ንዳው»።

«ከሰዓት እኮ ሙቀቱ አይቻልም»።

«ለእኛም አይቻልም፣ እንሠራበታለን»።

ሬዲዮውን አጠፋው። ነገሩ የምር እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። «ስሚ ሚግዳ፣ ገላዋን ማጠብ አለ፣ መጸዳጃ መውሰድ አለ፣ እኔ ወንድ ልጇ ነኝ፣ ራቁቷን ልያት? ነውር አይደል? ሰውስ ምን ይላል?»

«የዶኛ ኦዲሊን ባል ታስታውሳለህ፣ የነገርኩህን? ሦስት ዓመት አጠብኳቸው፣ ከላይ እስከ ታች፣ እስኪሞቱ። አንድም ሰው ነውር ነው ያለኝ የለም፣ አንተም አላልከኝም። ባዕድ ወንድ ሳጥብ ያልነበረ ነውር አንተ የወለደችህን ስታጥብ ከየት መጣ?»

ከዚህ በፊት እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ካልሆነ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ፣ እኔ እናቴን እይዛለሁ፣ የቤቱን ወጪ ደግሞ አንተ ትችላለህ አልኩት፣ ማስፈራራቴ አልነበረም፣ እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም እንጂ ስናገረው እውነት ነበር።

«እማማ አታውቀኝም እኮ» አለኝ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። «ባለፈው ምሳዋን ይዤላት ስገባ ሌባ ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ወዲያ አልገባሁም»።

ይህን አላውቅም ነበር። ምሳ ይዞላት እንደገባም አላውቅም። አዘንኩለት፣ ልጅ ሳለ ሲወድቅ እንዳዘንኩለት አዘንኩ፣ ግን አዝኜ ልተወው አልቻልኩም። «እኔንም አታውቀኝም ኤቬኖር፣ ጌታዬ ነው የምትለኝ። ስትገባ መዛኙ ነኝ በላት፣ ጥጡ እርጥብ ነው በላት። ሌባ ስትልህ አንድ ጊዜ ውጣና እንደገና ግባ፣ ትረሳዋለች»።

«እስከ መቼ?»

«እስከምትኖር ድረስ»።

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «እሺ» አለ። «እሺ በቃ፣ ሰምቼሻለሁ»። አንድ ሳምንት ይቆይበት አንድ ወር አላውቅም፣ ልምዴ አትመኚው ይለኛል፣ ግን እሺ ብሏል፣ እሺ ሲል በእናቴ ግቢ ቆሞ ነው።

ስምንት ሰዓት ከሃያ። እስክትደውል አልጠበቅሁም። አንድ ጊዜ ጠርቶ አነሳችው።

«እማ፣ ፈርሜያለሁ» አለች ከሰላምታው በፊት። «ጠዋት ነው የመጣሁት። ከሰዓት ድፍረቱ እንዳያልቅብኝ ብዬ ነው»።

ያን ጊዜ የተሰማኝ አሁንም ይሰማኛል፣ እግሬ ወለሉ ላይ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ጠዋት ፈርማለች፣ እኔ ለግሬተል ስለ ጤዛ ስተርክ ልጄ ፈርማለች። «ወረቀቱ የት ነው?» አልኳት።

«ጸሐፊዋ ጋ። ምሳ ወጥታለች፣ ስምንት ተኩል ላይ ስትመለስ ዲሬክተሯ ይፈርሙበታል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነኝ፣ ዕቃዬን ከሣጥኔ እያወጣሁ»።

«መልሺው ዕቃሽን። በሩ ላይ ቁሚና ስትመጣ ወረቀቱን ተቀበያት»።

«እማማን ማን ይይዛታል?»

«አጎትሽ»።

«የትኛው አጎቴ?» አለች። ሌላ አጎት የላትም። ኤቬኖር አልኳት፣ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉ ልጆች ጫማ ይሰማኛል፣ አንዷ ቻው ያኦስካ ትላታለች፣ እሷ አትመልስም። ጊዜው አሥር ደቂቃ አይሞላም፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ። «ሐሙስ ወንዝ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ትራንሲቶ ታች ነው ያለችው። እኔ ነኝ ቁልቁል ያደረግሁት»።

«አውቃለሁ። በማግሥቱ ልጣላት ሄጄ ነገረችኝ»።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበልሽ እማ? ታች የት እንደሆነ ጠፍቶሻል ልበልሽ?»

ይቅር በይኝ አልኳት፣ ስለ ወንዙም ስለ እሑዱም፣ ድምፄ እንዳይሰበር ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ እሷም ቀስ ብላ «እሺ እማ» አለች፣ ይህኛው እሺ ግን የእሑዱ አልነበረም፣ ለየሁት። ያኔ ነው ከወዲያኛው ክፍል ዶኛ ኦዲሊ ሚግዳ ብለው የተጣሩት። ሰዓቴ አልደረሰም፣ እስከ ዘጠኝ የእኔ ነው፣ ግን እሳቸው ሰዓት አያውቁም፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ ሁለተኛ ተጣሩ፣ በሦስተኛው ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ገባበት፣ ያን ፍርሃት አውቀዋለሁ፣ ሽንት ሊያመልጣቸው ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል አጥብቄ ይዤ ገባሁ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ፣ ብብታቸው ሥር ይዤ አነሳኋቸው፣ እንደ ሁልጊዜው አንገቴን አቀፉኝ፣ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ሁለታችንም እየተነፈስን። በጆሮዬ በር ሲከፈት ይሰማኛል።

«አንቺ አሁንም እዚህ ነሽ እንዴ?» ጸሐፊዋ ናት።

«ወረቀቴን ልወስድ ነው። ሐሳቤን ለውጫለሁ»።

«ጠዋት አያቴን የሚይዝልኝ የለም ስትዪ አልነበር? ማን ተገኘ?»

«አጎቴ»።

«አጎትሽ? ወንዱ?»

ከዚያ ሳቁ መጣ። የጸሐፊዋ ብቻ አይደለም፣ አንዷ ከውስጥ ምን አለች አለች፣ ጸሐፊዋ ነገረቻት፣ እሷም ሳቀች፣ ሌላዋም ሳቀች፣ ቢሮው ሙሉ ሴት ነው፣ የቆየ የደከመ ሳቅ ነው፣ ክፋት የለበትም፣ እንዲህ ያለ አጎት ካለሽ ለእኔም እናት ላኪልኝ አለች አንዷ። እኔ ዶኛ ኦዲሊን መጸዳጃው ላይ ቀስ ብዬ አስቀምጣለሁ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስቤ ይዣለሁ፣ ጆሮዬ ሌላ አገር ነው። ያኦስካ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«የእናቴ ወንድም ነው» አለች። «እናቴ ነግራዋለች። ወረቀቴን ስጡኝ»።

መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። «እንቺ» አለች ጸሐፊዋ፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «ሂጂ ግቢ፣ አጎትሽ ሳይደክመው። የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ ጀምሯል»። ወረቀት ሲቀደድ ሰማሁ፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣ ከዚያ ሩጫ፣ ከዚያ በር፣ የሆነች መምህርት ስለ ደም ግፊት ታስረዳለች፣ ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ዶኛ ኦዲሊ አገጬን በጣታቸው ነክተው ቀና አደረጉት። እያለቀስኩ ነበር ለካ፣ እጃቸው ላይ ተንጠባጥቧል።

«ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም ዶኛ ኦዲሊ» አልኳቸው። «ልጄ ክፍል ገባች»።